የመኪናዋ ሽብልቅ

ሰው ሲሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» የሚባለው ምርቃት ከምርቃት ሁሉ ይበልጥ ያደክመኛል። ጨርቅ የሆነ መንገድ በዕድሜዬ አላየሁም። ድንጋይ የሆነውን ግን ከአርብ ገበያ እስከ ወገዳ፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ በጀርባዬ አውቀዋለሁ። መኪና ሥር ተንጋልዬ ያልዋልኩበት ዳገት ካለ፣ እሱ ገና መንገድ ያልገባበት ዳገት ነው። ዛሬ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ የትኛው ድንጋይ እንዳመጣብኝ የምለይ ይመስለኛል።

በንጉሡ ዘመን እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ የአንድ ሙስሊም ነጋዴ የጭነት መኪና መካኒክ ነበርኩ። ሙያውን የተማርኩት አሥመራ፣ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ነጋዴው መኪናውን ሲገዛ እኔንም አብሮ ገዛኝ ማለት ይቻላል። አገሬ እዚያው አጠገብ ጋይንት ስለሆነ ደስ ብሎኝ መጣሁ፤ ደስታው ግን አንድ በጋ አልዘለቀም። በበጋ እህል እናወጣለን፣ ጨውና ላምባ እናስገባለን። በክረምት መኪናው ጭቃ ውስጥ ተገትሮ ይከርማል፣ እኔም አብሬው እገተራለሁ። ከእኔ ሌላ መፍቻ የሚይዝ ሰው ስላልነበረ ወፍጮ ቢሰበር፣ የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ቢነቀል፣ የዳኛው ሰዓት ቢቆም «እሱን ጥሩት» ይባላል። ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም፤ ድካሜ ግን የሽማግሌ ነበር።

ያቺ መኪና የመጣችው በጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀው የሚኖሩ አንድ ትልቅ ባላባት ሞተው፣ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ልጃቸው ለአርባቸው መጣ። በአውቶቡስና በበቅሎ ቢመጣ ኖሮ አመጣጡን ማንም ባላስታወሰው። እሱ ግን ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ ከመሬት የተጠጋ፣ ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነድቶ መጣ። እውነቱን ለመናገር ከደብረ ታቦር ወዲህ መጣች ከማለት አመጧት ማለት ይቀላል፤ በየወንዙ ጭሰኛ እየተጠራ እንደ በሽተኛ ተሸክሞ አሻግሯታል። ከተማውን ስታቋርጥ አንዲት ጠላ ሻጭ፣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ ብለው መርቀውት ይሆናል፤ እግዜር ተሳስቶ መኪናውን ጨርቅ አደረገለት» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀች።

በማግስቱ ተላከብኝ። የቀኙ የፊት ጎማ ቋጥኝ መትቶ አናቱ ወደ ውጭ አዘንብሏል። መሪውን ቀጥ አድርገው ሲይዙት መኪናዋ ወደ ቀኝ ትሰርቃለች። ልጁ ይህን ሁሉ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ልጁ እላለሁ እንጂ እኩያዬ ነበር፤ በትሕትና ይናገራል፣ በየመሃሉ ግን ሰዓቱን ያያል። አርባው በወጣ ማግስት መሄድ አለበት፤ ፈቃዱ ያልቃል፣ የዓባይን በረሃም መውረድ አለበት። እጁን ከመሪው ላይ ቢያነሳ እንኳ ቀጥ ብላ እንድትሄድ አድርጌ እንድሠራት አዘዘኝ።

እናቱ ከኋላው ቆመው ይሰሙ ነበር። ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው፣ መቋሚያ ይዘዋል። ከወለዷቸው ውስጥ የተረፈላቸው እሱ ብቻ ነው። የባላቸው ወንድሞች መሬቱን ገና ሬሳው ሳይቀዘቅዝ በዓይናቸው ማረስ ጀምረዋል። ልጃቸው ካባቱ ወንበር ቢቀመጥላቸው ሁሉም ይረጋል፤ ከሄደ ግን ብቻቸውን ቀሩ ማለት ነው። እሱ ደግሞ ክረምት ሲሆን እመለሳለሁ ይላቸዋል። እሳቸው የእስቴን ክረምት ያውቁታልና ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር። ይህን ሁሉ የነገረኝ የቤቱ ገበሬ ነው፣ በዚያው ቀን፣ ጎማ ስናወልቅ።

ገበሬው ሃምሳ ያለፈው፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። «አያ» እለው ነበር። እንዲረዳኝ እመቤቲቱ ሰጡኝ፤ እኔም መጀመሪያ አልወደድኩትም፣ የሚያርስ እጅ ለመፍቻ ይከብዳል ብዬ። ተሳስቻለሁ። በዚያች ምድር እንደ እሱ ያለ ዓይን አላጋጠመኝም።

ጣልያኑ አለቃዬ ያስተማረኝ ነገር ይህ ነው፦ የመኪና ጎማ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊታቸው በኩል በእህል ፍሬ ያህል መቀራረብ አለባቸው። አናታቸውም በልክ ያዘነብላል፣ የግራውም የቀኙም እኩል። ይህ ልክ ሲፋለስ መኪናዋ አትቆምም። ትሄዳለች፣ ግን ወደ አንድ ወገን እየሰረቀች ትሄዳለች፤ ሾፌሩ መንገዱን ሳይሆን እሷን ሲታገል ይውላል። ገበሬው ይህን ስነግረው ብዙ አላስለፈለፈኝም። ጥማድ ነው አለ፤ አንዱ በሬ ወደ ውጭ ካየ ትልሙ ይጣመማል።

ይህን ለመለካት የተስተካከለ መሬት ያስፈልጋል። በእስቴ የተስተካከለ መሬት ፈልጉ። ግቢው ወደ ወንዝ ያዘነብላል፣ መንገዱ ወደ ገደል፣ ሜዳው ወደ ረግረግ። ስዞር ውዬ ደክሞኝ ስቀመጥ የተቀመጥኩት አውድማው ዳር ነበር። ውቂያው አልቋል፤ በበሬ እበት የተለቀለቀው መሬት ደርቆ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። በገበቴ ውኃ ሞልቼ መሃሉ ላይ ባስቀምጥ ውኃው ወደ የትም አላደላም። መኪናዋን እዚህ እናግባት አልኩ።

ገበሬው አውድማ በጫማ አይገባም አለኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። እሱ ግን አሁንም አልተንቀሳቀሰም፤ የመኪናዋን ጎማዎች ያያል። እህል የተባረከበት መሬት ነው፣ የመንገድ ቆሻሻ አይረግጠውም አለኝ። ተቆጣሁ። ጎማ ጫማ አይደለም፣ እግሯ ነው ብዬ ተከራከርኩ። እሱም ክርክሩን ተቀበለና፣ እግሯ ከሆነ ትታጠብ አለኝ። ስለዚህ በዚያ ድካሜ ላይ ውኃ እያስቀዳን አራቱንም የመኪና እግር አጠብን። ሳጥብ እየተቆጣሁ ጀምሬ እየሳቅኩ ጨረስኩ።

ሁለት ቀን ሠራን። ጎማው ቀጥ ማለቱን ለሚለካ ቱምቢ ትልቅ የቡሎን ዳዶ በሲባጎ አንጠለጠልኩ። ጎማዎቹ ያለ ግፊት እንዲዞሩ ሁለት ሁለት ቆርቆሮ ቆርጬ በመሃላቸው ሞራ ቀባሁና ከየጎማው ሥር አደረግሁ። ከፊት እስከ ኋላ ሲባጎ ወጠርኩ፣ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ገበሬው በደረቱ ተኝቶ በአንድ ዓይኑ ያይና «ግራው ጠበቀ» ወይም «ቀኙ ኮራ» ይላል፤ ስለካው አይሳሳትም። የታጠፈውን ክንድ በእሳት አቃናነው፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። የቀረውን በሽብልቅ ማካካስ ነበረብኝ።

ሽብልቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ጎማውን የሚሸከመው የታችኛው ክንድ ከመኪናዋ አካል ጋር በሚጋጠምበት ቦታ፣ በቡሎኑ ላይ የሚሰኩ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ። ሲጨመሩ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀነሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ዳዶውን አላልቶ መሰካት፣ ዳዶውን አላልቶ መሳብ ነው። አለቃዬ «ስፔሶር» ይላቸው ነበር። ስፔሶር ብል ለገበሬው ምን ይገባዋል፤ ሽብልቅ ነው አልኩት። ወዲያው ገባው። የእርሻውን ሽብልቅ ያውቀዋላ፤ እሱ ካልያዘው ዕርፉ ይወዛወዛል፣ ማረሻው ይወልቃል፣ በሬውም መሃል ማሳ ላይ ይቆማል።

አንድ ነገር ደግሞ ነበር። እንዲህ ያለች ቀላል መኪና ሾፌሩ ሲቀመጥባት ዝቅ ትላለች፣ ልኩም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ስትለካ ሾፌሩ መቀመጥ አለበት። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ አውድማ ላይ ሊቀመጥልኝ አልወደደም። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ብዙ ነው፣ የአጎቶቹ ነገርም አለ። እንግዲያስ ክብደትዎን ይስጡኝ አልኩት። ነጋዴዬ የእህል ሚዛኑን በአህያ ላከልን። ልጁ ሚዛኑ ላይ ቆመ፤ ከዚያ በልኩ አንድ ጆንያ ገብስ ሞልተን፣ አፉን ሰፍተን ከመሪው ኋላ አስቀመጥነው። ጆንያው ጎንበስ ያለ ነበር፤ ራቅ ብሎ ላየው የተከዘ ሰው ይመስላል።

በሁለተኛው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እመቤቲቱ ወደ አውድማው መጡ። ጫማቸውን ዳር አውልቀው ገቡ። መጀመሪያ ያዩት ጆንያውን ነው። ገበሬው፣ ይህ ልጅዎ ነው፣ በክብደቱ ልክ ነው ብሎ አስረዳቸው። እጃቸውን በጆንያው ትከሻ ላይ አድርገው ጥቂት ቆሙ። ከዚያ እኔ ወደተንጋለልኩበት ጎንበስ አሉና በእጄ የያዝኩት ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

«ሽብልቅ ነው፣ እመቤቴ።»

«ካልገባስ?»

ረቡዕ ነበር፤ እህል አልቀመስኩም። ሁለት ቀን በጀርባዬ ተኝቻለሁ፣ ዓይኔ ውስጥ ዝገት ገብቷል። ስለ ማዘንበልና ስለ መስረቅ፣ ስለ ቁልቁለትና ስለ ፍሬን ለአንዲት እናት ከመኪና ሥር ሆኜ ማስረዳት አቃተኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሰነፍኩ።

«ያለ እሱማ ምን መንገድ አለ» አልኳቸው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔም አላወቅሁም። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ጫማቸውን ተጫምተው ሄዱ። እኔ ዳዶዬን ማጥበቅ ቀጠልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ከብት ወደሚሰማራበት ሜዳ አወጣናት። ልጁ ነዳ፣ እኔ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፈጠን ስትል እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ሄደች። እንደ ተወጠረ ሲባጎ ቀጥ ብላ፣ ወዲህም ወዲያም ሳትል። ልጁ ካባቱ ሞት ወዲህ የሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ እውነተኛ ደስታ ነበር፣ ድካሜ ሁሉ ለጥቂት ጊዜ ከላዬ ላይ ወረደ። ገበሬው ሣሩ ላይ የቀረውን የጎማ ምልክት ጎንበስ ብሎ አየና፣ እንዲህ ያለ ትልም በሕይወቴ አላረስኩም አለ። ከእሱ አፍ ሲወጣ ይህ ትልቅ ሹመት ነው።

አርባው ቅዳሜ ወጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ ዳሱ ሞላ፣ ድሃው በላ። እኔም በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ዳሱ ጥግ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ስንት ወር የተጠራቀመ እንቅልፍ ነበረብኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጁ ሊነሳ ሲል ቀሰቀሱኝ። እስከ ደብረ ታቦር አብሬው ልሄድ ተስማምተን ነበር፤ ለነጋዴው መኪና ዘይት የማመጣበት ጉዳይ ነበረኝ። መካኒክ ሥራውን ዞሮ ሳያይ አይሳፈርም። እኔ ግን ፊቴን እንኳ ሳልታጠብ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ቤተሰቡ ሁሉ ያለቅሳል። እመቤቲቱ ብቻ አላለቀሱም። ልጃቸውን ሳሙት፤ አልመረቁትም። እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አድርገው ጎማዎቹን ያያሉ። ልጁ ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሽ አስገባ፣ መኪናዋም ሄደች። ያኔ ፊታቸው ተለወጠ። አንድ እጃቸውን አንስተው ወደ ፊት ተራመዱ፣ አፋቸው ተከፈተ፤ የሞተሩ ድምፅ ግን የሚሉትን ዋጠው። እኔ ስንብት መስሎኝ እጄን አውለበለብኩላቸው።

ግቢውን እንደወጣን ልጁ መሪውን ወደ ግራ ይዞ እንደሚነዳ አየሁ። እንቅልፍ ላይ ነበርኩና መንገዱ ያዘነበለ ነው ብዬ ተውኩት። ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ፍሬን ያዘ። ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ወደ ቀኝ ዘለለች። ቀኙ ገደል ነው። ሁለት እጁን በመሪው ላይ አድርጎ ታገላት፣ እኔ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ጠጠሩ ከሥራችን ሲንሸራተት ይሰማኛል። ስትቆም የቀኙ የፊት ጎማ ግማሹ ከመንገዱ ውጭ ነበር። ከሥሩ የተፈነቀለ ድንጋይ እየነጠረ ሲወርድ እስከ ታች ድረስ ሰማነው።

በእሱ በኩል ወርደን፣ ስንረጋጋ፣ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የቀኙ ክንድ ላይ ሽብልቆቹ የሉም። አንድም የለም። ዳዶው ግን በደንብ ጠብቋል፣ እኔ እንደማጠብቀው አድርጎ አጥብቆታል። ላልቶ ቢሆን ክንዱ ተነቅሎ ሁለታችንም ከድንጋዩ ጋር ወርደን ነበር። በዚያ ቤት ያንን መፍቻ የያዙ እጆች የእኔና የገበሬው ናቸው፤ ገበሬው ደግሞ ሳይታዘዝ ውኃ እንኳ የማይጠጣ ሰው ነው። እመቤቲቱ አውድማው ላይ የጠየቁኝ ጥያቄ፣ እኔም የመለስኩት መልስ፣ እዚያው ተኝቼ ትዝ አለኝ።

ስወጣ ልጁ ፊቱ ነጥቶ ይጠብቀኛል።

«ምን ሆና ነው?»

«ትናንት ላይ ከፍቻት ነበር፤ ሽብልቆቹን ሳልመልስ ረሳኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መጀመሪያ ገደሉን፣ ከዚያ እኔን አየ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴን በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ሰው ልታስቀብራት ነበር» አለ።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። እናቱ ያደረጉትን እያሰበ በዚያች መኪና የዓባይን በረሃ ሲወርድ ታየኝና አንገሸገሸኝ። ደግሞም ግማሹ እውነት ነበር፤ ያን መልስ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ሳላይ የተሳፈርኩትም እኔ ነኝ።

እሱ መኪናው ጋ ቀረ፣ እኔ በእግሬ ተመለስኩ። እመቤቲቱ አውድማው ዳር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ገበሬው ከኋላቸው ቆሟል። ሲያዩኝ አልተነሱም።

«ቆመች?» አሉኝ።

«ገደል አፋፍ ላይ ቆመች። ደህና ነው፣ አልተነካም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ቁጣ ቁጣ ብሎኝ ነው የመጣሁት፤ እንደዚያ ሆነው ሳያቸው ግን ቁጣው ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። የማረሻ ሽብልቅ ሲወልቅ በሬው ይቆማል፣ የመኪና ሽብልቅ ሲወልቅ ግን መኪና አይቆምም፣ ይጣመማል እንጂ ይሄዳል ብዬ ነገርኳቸው። ያን ቀን መናገር የነበረብኝ ይኸው ነበር፤ ከዚህ አይረዝምም።

«ያለ እሱ ምን መንገድ አለ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት በአገራችን ለመሳቂያ ነው የሚነገረው። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ስቄበት አላውቅም። ገበሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዳዶውን አላልቶ መተው አልሆነልኝም፣ አጠበቅኩት አለ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር። ሕይወታችንን ያተረፈው ያ ልማዱ እንደሆነ አልነገርኩትም፤ ደክሞኝ ነበር።

እመቤቲቱ ልጃቸው ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አያውቅም፣ እኔ ረሳሁት ብዬዋለሁ አልኳቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ሽብልቆቹ እዚያ ተቋጥረው ነበር፣ በሰውነታቸው ሙቀት ሞቀዋል። አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጧቸው።

«አጥብቀህ ግጠምለት» አሉኝ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው፣ ጠዋት ያልሰጡትን ምርቃት ሰጡት። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት አሉ፣ እሱ በሌለበት፣ ቀስ ብለው። አብረውን እንዲመጡ ብጠይቃቸው ሁለት ጊዜ መሸኘት አልችልም አሉኝ።

ከገበሬው ጋር ወርደን መኪናዋን ጎትተን ወደ መንገዱ መለስናት። አውድማ የለም፣ ገበቴ የለም፤ የቀረን ሲባጎና የእሱ ዓይን ነው። እሱ በደረቱ ጠጠር ላይ ተኝቶ ያያል፣ እኔ እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ልጁ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዳዶዎቹን ሳጠብቅ ይቆጥራል፣ እንደገና እንዳልረሳ። ስንጨርስ ብቻውን ገባ። ና ተሳፈር አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ወንዙን ተሻግራ ማዶ ያለውን ዳገት ስትወጣ ቆመን አየናት። ቀጥ ብላ ነው የሄደችው። ገበሬው ደህና አድርገን ሸኘነው አለ፤ እንደ ሙገሳ ይሁን እንደ ወቀሳ አልለየሁም።

ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። እኔ መካነ ኢየሱስ ሳልደርስ ስሜ ወጥቶ ጠበቀኝ። ከዚያ በኋላ በዚያ ከተማ ስሜ «ረሳሁት» ነበር። ጠላ ስጠጣ ሂሳቡን እንዳትረሳ ይሉኛል፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ጫማህን እንዳትረሳ ይሉኛል። የነጋዴው ሾፌር ሳይቀር ከመነሳቱ በፊት ዳዶዎቹን ዞሮ በእጁ ይነካካል። ሳቁን ቻልኩት፤ የሾፌሩን መነካካት ግን አልቻልኩትም፤ የማንም ዳዶ አላልቼ ትቼ አላውቅም ነበርና። እመቤቲቱ እውነቱን እያወቁ ዝም ማለታቸው አስከፋኝ። አንድ ቃል ይሉልኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አላሉም። በገበያ ቀን ሲያልፉ ካየኋቸው ወደ ጓሮ እገባ ነበር።

ክረምት መጣ፣ ልጁ አልመጣም። ያ ዓመት ገብሱን በረዶ የመታበት ዓመት ነው፤ ትልልቅ ቤት ሳይቀር እህል እየተበደረ ከረመ። በታኅሣሥ የባላባቱ ሙት ዓመት ሲደርስ ገበሬው ከተማ ወርዶ እመቤቲቱ ይጠሩሃል አለኝ። አልሄድም ልል ነበር። የሚጠገን ነገር ይኖራል ብዬ መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ።

የሚጠገን ነገር አልነበረም። ልጁ ሥራ በዝቶብኛል የሚል ደብዳቤ ልኳል፤ አጎቶቹ ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እመቤቲቱ እልፍኝ ውስጥ ነበሩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ትንሽ ሴት ሆነዋል። በመደቡ ላይ፣ በባላቸው መቀመጫ ቦታ፣ ያ በልጁ ልክ የሞላነው የገብስ ጆንያ ተቀምጧል። እኔ የሰፋሁት አፉ አልተፈታም። ገበሬው በሹክሹክታ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲራብ ከእሱ አንድ እፍኝ አልተዘገነም፣ አልተዘራምም፣ አልተፈጨምም አለኝ።

እመቤቲቱ እንድቀርብ ጠቀሱኝ። ስለ ስሜ፣ ስለዚያ ቀን ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው ወደ ጆንያው ወሰዱኝ።

«አንተ ነህ የመዘንከው» አሉኝ። «እስቲ አንሳው። አሁንም ልክ ነው?»

አቅፌ አነሳሁት። ሳነሳው ከስፌቱ ነጭ ዱቄት ተንጠፈጠፈ፤ ነቀዝ ገብቶበታል። ያን ጊዜ ለሁለት ሆነን በጭንቅ መኪናዋ ውስጥ ያስቀመጥነው ጆንያ በእጄ ላይ ቀለለኝ። ሲሦው እንኳ የቀረ አልመሰለኝም። ለአንድ ዓመት ያቆየሁት ቅያሜ የት እንደገባ አላውቅም።

«ልክ ነው፣ እመቤቴ» አልኳቸው። «ምንም አልጎደለም።»

ጆንያውን ወደ ቦታው መለስኩ፤ እንዳያዘነብልም ከግድግዳው ጋር አስጠግቼ ቀጥ አድርጌ አቆምኩት።